ጋሽ ማርቆስና የባልቴቷ ዘይት

ጋሽ ማርቆስ ማረፉን የሰማሁት አርባ ምንጭ መናኸሪያ ውስጥ ነው። የጂንካ አውቶቡስ ሹፌር ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያ ዘንጉን በጨርቅ እየጠረገ ሳለ ነገረኝ። «ያ የናንተ መካኒክ፣ ማርቆስ፣ ባለፈው ሳምንት ቀበርነው» አለና ዘንጉን ወደ ቦታው መለሰው። ጎማው ላይ ተደገፍኩ። ሹፌሩ ድንጋጤዬን አይቶ ሊያጽናናኝ ነው መሰለኝ የሆስፒታሉን ነገር አከለልኝ። ታሞ በተኛበት ሐኪሟ ክንዱን አስራ ለክታ «አባባ፣ ግፊትዎ በጣም ወርዷል» ስትለው፣ ጋሽ ማርቆስ ዓይኑን ሳይገልጥ «ልጄ፣ መጀመሪያ መለኪያውን ጠርጥሪ፤ እሱ ውሸታም ሊሆን ይችላል» አላት አሉ። ልጅቷም እውነቱን ነው ብላ ሌላ መለኪያ አምጥታ ደግማ ለካችው። ያው ነው። «እንግዲያው ልክ ነሽ» ብሎ አረፍ አለ። እዚያው መናኸሪያው መሃል ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። ተሳፋሪው ይሄን ሽማግሌ ምን ነካው ሳይለኝ አልቀረም።

እኔ ጂንካ የገባሁት በደርግ ዘመን፣ የከብት ክትባት የምታመላልስ የመሥሪያ ቤት መኪና ሹፌር ሆኜ ነው። ከዲላ የመጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ፤ መንጃ ፈቃዴም ገና አዲስ ነበር። የተሰጠችኝ መኪና ግን በዕድሜ ትበልጠኝ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ አገር ውስጥ የገባች፣ የፋብሪካ ስሟ ከአፍንጫዋ ላይ ወድቆ የጠፋ፣ ከኋላ ሸራ የለበሰች አሮጌ ናት። የጂንካ ሰው «ባልቴት» ይላታል። በአውራጃው ካሉት መኪናዎች ሁሉ ቀርፋፋዋ እሷ ነበረች። ዝናብ በጣለ ማግስት ግን ሌላው ሁሉ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲያጓራ እሷ እየተንገዳገደች ታልፋለች።

የባልቴት ሐኪም ጋሽ ማርቆስ ነበር። ጋራዡ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ነው፤ ጋራዥ ይባል እንጂ አንድ የማንጎ ዛፍ፣ ሁለት የቆርቆሮ ግድግዳና አንድ ጉድጓድ ብቻ ነበር። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲያንዣብብ ሥራውን ጥሎ ሜዳው ላይ የሚግጡትን ላሞች ለማባረር ይሮጣል። ማንም አላዘዘውም። ሲመለስ ታዲያ ስለ አውሮፕላኑ ሞተር ሐሜት ይዞ ነው። «የግራው ጉንፋን ይዞታል፤ አብራሪው አይሰማም ወይ?» ይላል። አጭር፣ ትከሻ ሰፊ፣ ጥርሱ ከሩቅ የሚታይ ሰው ነበር። አንቱ ብዬ ብጠራው «እኔ ስንት ነኝ? አንድ ሰው አይደለሁም?» ብሎ ስለሚቆጣ፣ ጋሼ እያልኩ አንተ ስለው ኖርኩ።

መዝሙር ሳይዘምር አይሠራም። ቡሎኑ እሺ ካለው ፈጠን ያለ መዝሙር፣ እምቢ ካለው ዘግየት ያለ። ሌላው መካኒክ በሚሳደብበት ቦታ እሱ ወደ ሁለተኛው ስንኝ ይሻገራል። እኛ ሹፌሮች ከመንገድ ማዶ ሆነን በዜማው ብቻ ሥራው የት እንደደረሰ እናውቅ ነበር።

አባቱ የዚያው አገር ሰው፣ አሪ ነው፣ ከአንጥረኞች ወገን፤ ማረሻና ቢላዋ እየሠራ ነው ያሳደገው። ያኔ ቀጥቃጭ ማለት ስድብ ነበር። ከደገኛውም ከአገሩም ሰው ከነሱ ጋር ማዕድ የማይቆርስ፣ ልጁን የማይድርላቸው ሞልቶ ነበር። ጋሽ ማርቆስ ይህንንም ያነሣው በሳቅ ነው። «ሰው እኔን የሚንቀኝ መኪናው እስክትቆም ነው» ይላል፤ «ከቆመች በኋላ ወንድሜ ይለኛል።» ቢስቅም ግን ስሙ ላይ ቀልድ አያውቅም። መካኒክ ማርቆስ ሲሉት ደረቱ ቀና ይላል። አንድ ሰካራም ቀጥቃጭ ብሎ የሰደበው ቀን እስከ ማታ መዝሙር ሳንሰማ ዋልን።

ከዚያ በቀር ያልቀለደበት ነገር የለም። ጂንካ ውስጥ በጋሽ ማርቆስ አፍ ያልገባ ሹፌር አልነበረም። የእጅ ፍሬኑን ስቦ እንደያዘ እስከ ቀይ አፈር ከተማ ነድቶ «ዳገቱ ጨመረ እንዴ?» ያለውን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሞተሩ ያንኳኳል ብሎ አስፈትሾ በመጨረሻ ሚስቱ ወንበር ሥር ያስቀመጠችው የሙቀጫ ዘነዘና ሆኖ የተገኘበትን፣ ሁሉንም ሰርግ ላይ ተነሥቶ በአካሄዳቸውና በድምፃቸው ያስመስላቸዋል። ሰዉ እንባው እስኪወርድ ይስቃል፤ ባለታሪኩም ይስቃል፣ ምን ያደርጋል። ጥርት ያለ አማርኛ አልነበረውም፤ ግን ታሪክ ሲያወራ ቋንቋው የሚጎድል አይመስልም ነበር። እኔ በበኩሌ በዚያ አፍ እንዳልገባ ተጠንቅቄ ነበር የምኖረው።

ሥራው ደግሞ የሚጀምረው በጆሮ ነው። ሐመሮች የሚቀመጡባት ዓይነት ትንሽ የእንጨት በርጩማ ነበረችው። መኪና ታማ ስትመጣ ሹፌሩን እዚያች ላይ ያስቀምጠውና እሱ ፊት ለፊት ቁጢጥ ይላል። ከዚያ ይጠይቃል፦ «የት ሄደች? ምን ጠጣች? ማን ነካት? መጀመሪያ ያመማት ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት?» ሹፌሩ ተናግሮ ሳይጨርስ ቁልፍ አያነሣም። «ሞተር እሱ መዋሸት አያውቅም» ይላል፤ «ሹፌር ነው የሚያውቅ። ስለዚህ ሹፌሩን አስቀድሜ እፈታለሁ።»

አንድ ቀን የባልቴት የዘይት ግፊት መለኪያ ቀስት ወረደ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ደህና ይቆምና፣ ሞተሩ ሲሞቅ ቁልቁል ወርዶ ዜሮ አጠገብ ይተኛል። ወሰድኳትና በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ማርቆስ ጥያቄውን ሁሉ ጠየቀኝ። «ምን ጠጣች?» ሲለኝ «ከዘይት በቀር ምን ትጠጣለች?» አልኩት። ዋሸሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ክትባት በበረዶ ሳጥን ጭኜ ወደ ሐመር ስወርድ፣ የገበያ ከተማዋ ዲመካ ልደርስ ስል ድንጋይ የባልቴትን ሆድ መታትና የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ላላ። ወርጄ ሳይ ከግማሽ የሚበልጠው ዘይት መሬት ላይ ቀርቷል። ቡሎኑን አጠበቅኩት። ዘይት ግን ዲመካ ውስጥ ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም፤ ሌላ መኪናም በሳምንት አንዴ ቢያልፍ ነው። በረዶው ይቀልጣል፣ ከብቱ ከዲመካ ወዲያ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ገበያው ውስጥ ስዞር ቅቤ አየሁ። ዘይትም ቅባት ነው፣ ቅቤም ቅባት ነው አልኩ። ወጣት ነበርኩ ብያለሁ።

አንዲት የሐመር ሴት አንድ ቅል ቅቤ ሸጠችልኝ። አልበቃኝም፤ በእጄ ምልክት ጨምሪልኝ አልኳት። አመነታችና ከጎኗ ሌላ ቅል አነሣች። የራሷን ጸጉር ነካ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እኔ ቸኩያለሁ፤ አዎ፣ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሁለቱንም ቅል በአንድ ጣሳ እሳት ላይ አቀለጥኩት። ቀላ አለብኝ፤ የጣሳው ዝገት ነው አልኩና በጨርቅ እንኳ ሳላጠልል ገለበጥኩት። ባልቴት ቅቤዋን ጠጥታ ክትባቱን አደረሰች፣ ተመልሳም ጂንካ ገባች። መንገዱን ሙሉ ክትፎ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ የምነዳ ነበር የሚመስለኝ። ቤቴ ጓሮ ብቻዬን ያንን አፍስሼ አዲስ ዘይት ሞላሁ፤ ነገሩ አለቀ ብዬ ተኛሁ።

ለምን አልተናገርክም የሚለኝ ይኖራል። ያኔ የመንግሥት ንብረት ያበላሸ ሰው ላይ የሚለጠፍ አንድ ቃል ነበር፤ አሻጥር። ያ ቃል ከተጻፈብህ ከሥራ መባረር ቀላሉ ነው፤ እስር ቤትም ያስገባል። ሚስቴ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቀስቱ መውረዱን ኃላፊያችን ለበላይ አመልክቶ ስለነበር ከአርባ ምንጭ ቴክኒሺያን መጣ። ጓድ ሰለሞን ይባላል፤ ውጭ አገር የተማረ፣ ሸሚዙ ከዚያ ሁሉ አቧራ በኋላም ነጭ የሆነ ወጣት። ባልቴት ትጠገን ወይስ ከአገልግሎት ውጪ ትሁን የሚለውን ወስኖ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ነበር ሥራው። ማንጎው ሥር ቆሞ ጋሽ ማርቆስን ከላይ እስከ ታች አየው።

«የዘይት ፓምፑን ዓምና የጠገነው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ማርቆስ።

«ክዳኑን በምን ማሽን አስተካከልከው?»

«ማሽን የለኝም። ክዳኑን መስታወት ላይ አስተኛሁት፤ በሞረድ ሞረድኩት። ብርሃን በሥሩ አላልፍ እስኪል።»

ጓድ ሰለሞን ወረቀቱ ላይ ጻፈና እንዲሰማ አድርጎ አነበበው። «የግፊቱ መውረድ ምክንያት፣ በቀጥቃጭ የተሠራ የዘይት ፓምፕ።» ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቃሉ እዚህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅም አይመስለኝም። ጋሽ ማርቆስ የያዘውን ካቻቢቴ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ።

«ጓድ፣ ሁለት ቀን ስጠኝ» አለ። «አንድ በአንድ እያየን እንሂድ። ጥፋቱ የኔ ፓምፕ ከሆነ በእጄ እፈርማለሁ።»

«ፓምፑ ከሆነ» አለ ጓድ ሰለሞን፣ «ከእንግዲህ የመንግሥት መኪና እጅህ ላይ አይወድቅም።»

ጂንካ ውስጥ ከመንግሥት ሌላ መኪና ያለው ስንት ሰው ነው? የተጠየቀው ስሙንም እንጀራውንም ነበር። «ይሁን» አለና ሥራ ጀመረ።

መጀመሪያ መለኪያውን ጠረጠረ። ከተገለበጠ የጭነት መኪና ላይ ያነሣው፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀው መለኪያ ነበረው። የባልቴትን ፈትቶ የሱን ገጠመ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅን። ቀስቱ ያው ወረደ። «መለኪያዋ እውነት ተናገረች» አለ። ቀጥሎ ዘንጉን መዝዞ ዘይቱን በሁለት ጣቱ መሃል አሸው፣ አሸተተው። ቤንዚን ገብቶበት ቀጥኖ እንደሆነ ሊያይ ነው። ደጋግሞ አሸተተ። «ቤንዚን የለም» አለ፤ «ግን ሽታዋ አልገባኝም።» እኔ የማንጎውን ቅጠል መቁጠር ያዝኩ።

ከሰዓት በኋላ ግፊቱ ሲበዛ ትርፉን ዘይት የምትመልሰውን ትንሽ በር ፈታ። ውስጧ አንዲት ኳስና አንዲት ሞላ አለች። ሞላዋ ደክማ እንደሆነ ከሌላ ጋር አወዳደራት፤ እኩል ናቸው። እኔ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጌ ጠጋ አልኩና በጆሮው «ጋሼ፣ ከሞላዋ ሥር አንድ ሮንዴላ ብትጨምርባትስ? ቀስቱ ከፍ ይላል» አልኩት። ቀዳዳ ያላት ክብ ብረቷ ሞላዋን ታጠነክራለች፤ እንደዚያ የሚያደርጉ ነበሩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «መለኪያውን ማስደሰት ቀላል ነው» አለኝ። «ሞተሩ ግን መለኪያውን አይቶ አይደለም የሚኖር።»

በማግስቱ ጠዋት የቀረው የሞተሩን ሆድ መክፈት ነበር። ፓምፑ እዚያ ውስጥ ነው። ጋሽ ማርቆስ ጉድጓዱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጓድ ሰለሞን ፊት ቆመ። «እስካሁን ያየሁት ሁሉ ደህና ነው» አለ። «የቀረው የኔ እጅ ነው። ፈርቻለሁ፤ ግን አየዋለሁ።» እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም። እኔ ጥፋቴን ከሁለት ሳምንት በላይ ሆዴ ውስጥ ደብቄ፣ እሱ ያላጠፋውን ጥፋት በራሱ ላይ ሊፈልግ ጉድጓድ ይወርዳል። አፈርኩ። 

መዝሙር የለም። የቡሎኖቹ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ የዘይት ቋቱን አወረደና ብርሃን ላይ አወጣው። ከታች ቀይ ጭቃ የመሰለ ነገር ተጋግሮበታል። ፓምፑ ዘይት የሚስብባት ወንፊትም በዚያው ቀይ ነገር ጥርቅም ብላ ተደፍናለች። ያቺ ሴት ለጸጉሯ ቀይ አፈር ለውሳ ያዘጋጀችውን ቅቤ ነበር የሸጠችልኝ። ቅቤውን አፍስሼዋለሁ፤ አፈሩ ግን ሲሞቅ ሲበርድ እዚያው ቀርቷል።

ጋሽ ማርቆስ በጣቱ ዛቅ አድርጎ ወደ አፍንጫው ወሰደው። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኑን አንሥቶ አየኝ። የዲመካን ገበያ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል፤ የሐመር ሴቶች ጸጉር ምን ምን እንደሚሸትም ያውቃል። ሁሉንም እንደ ተረዳ ገባኝ።

«ምንድን ነው?» አለ ጓድ ሰለሞን ከላይ ሆኖ።

«አቧራ ነው» አለ ጋሽ ማርቆስ። «የቀይ አፈር መንገድ አቧራ።»

«አቧራ በየት በኩል እዚህ ይገባል?»

«ቋቱን የምታሽገው ጉርኒሲዮኗ ትሆናለች። ዓምና እኔ ነኝ የቆረጥኳት፣ ከካርቶን።»

«እንግዲያው ጥፋቱ ያንተ ነው።»

«እንደሱ ነው የሚመስል» አለ። «ጻፈው።»

ጓድ ሰለሞን እስክሪብቶውን አወጣ። ያ እስክሪብቶ ወረቀቱን ሳይነካ ድምፄን ሰማሁት፤ እኔ የተናገርኩ አልመሰለኝም። «አቧራ አይደለም። ቅቤ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«ቅቤ። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ከዲመካ ገበያ ገዝቼ።»

ጋሽ ማርቆስ ከጉድጓዱ ወጣ። በርጩማዋን በእግሩ ወደኔ ገፋና «ተቀመጥ፤ ከመጀመሪያው ተናገር» አለኝ። ተቀምጬ ከድንጋዩ ጀምሬ እስከ ጓሮዬ ድረስ ተናገርኩ። ስለ ጣሳው፣ ስለ ሴትዮዋ፣ ራሴን ስለ መነቅነቄ፣ ስለ ክትፎው ሽታ። ጓድ ሰለሞን ፊቱን አኮሳትሮ እየሰማ ነበር። «ስንት ቅል?» አለኝ እንደ መርማሪ።

«ሁለት።»

«ለጋ ነው የነጠረ?»

ይህን ራሱ ጠይቆ ራሱ መቆም አቃተው። ሳቁ ሲያመልጠው ወረቀቱን አፉ ላይ ያዘ። ጋሽ ማርቆስማ ቀድሞ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሆዱን ይዞ፣ ድምፅ አልወጣው ብሎ፣ ግንባሩን የባልቴት ጎማ ላይ አድርጎ ይንፈራፈራል። «እሷ ባልቴት መሆኗን… ረስታ… ጸጉር ተቀባች!» አለ በመጨረሻ። እኔም እስር ቤቱን ረስቼ ሳቅኩ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ፍርሃቴ ተመለሰ። ጓድ ሰለሞን ወረቀቱን ወደ ጎን አኖረ። የፓምፑን ክዳን አምጡልኝ አለ። በላምባ አጥቦ መስታወቱ ላይ አስተኛው፤ በነጭ ሱሪው ተንበርክኮ በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ በአንድ ዓይኑ አየ። አዙሮም አየ። ከዚያ ተነሣና የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደደው።

«የአባትህ ስም ማን ነው?» አለው ጋሽ ማርቆስን።

ነገረው። ጓድ ሰለሞን ጻፈና እንደ ቀድሞው ጮክ ብሎ አነበበ። «የዘይት ወንፊቱ በባዕድ ነገር በመደፈኑ ግፊቱ ሊወርድ ችሏል። በአካባቢው ባለሙያ የተሠራው ፓምፕ ጉድለት አልተገኘበትም። ተሽከርካሪዋ አገልግሎቷን ትቀጥል።» ከታች የጋሽ ማርቆስ ስም ከነአባቱ ነበር።

«ጓድ፣ ባዕድ ነገር ማለት ምን ማለት ነው?» አለ ጋሽ ማርቆስ።

«ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር።»

«ጥሩ ነው» አለ። «እኔም አላወቅሁት።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ሰዓት የሰርግ ያህል ነበር። ወንፊቱን፣ ቋቱን፣ ቀዳዳውን ሁሉ በላምባ አጠብን። ጓድ ሰለሞን እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። ጋሽ ማርቆስ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸውን ብሮንዚናዎች አንድ በአንድ በጥፍሩ ዳሰሰ፤ ተቧጭሮ እንደሆነ ጥፍሩን ይይዘዋል። አንዱም አልያዘውም። አዲስ ጉርኒሲዮን ቆረጠ፣ አዲስ ዘይት ሞላን። ሞተሩን ወዲያው ማስነሣት አልፈቀደም። «ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ሳትጠጣ አትሮጥም» ብሎ ካንዴላዎቹን ፈታና የእጅ ማዞሪያውን፣ ማኒቬላውን፣ ለኔ ሰጠኝ። ንስሐዬ ያ ነበር መሰለኝ። ክንዴ እስኪዝል አዞርኩ፤ እሱ መለኪያውን እያየ ይዘምራል። ቀስቱ አልነቃነቅ አለ። አሁንም አዞርኩ። ዘገምተኛው መዝሙር ድንገት ፈጠን ሲል ቀና ብዬ ሳላይ አወቅሁ፤ ቀስቱ ተነሥቷል። ካንዴላውን መልሰን ስናስነሣት፣ ከሞቀች በኋላም ቢሆን ከቦታው አልወረደም።

ሁለታችን ብቻችንን ስንቀር እጃችንን እየታጠብን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ለምን ጥፋቱን ወሰድክልኝ?»

ሳሙናውን አቀበለኝ። «የኔ ስም ቢቆሽሽ በሌላ መኪና አጥበዋለሁ» አለኝ። «አንተን ካሰሩህ ግን ሚስትህ ብቻዋን ትወልዳለች። ለሱ መለዋወጫ ከየት አመጣለሁ?» ይህን ብሎ ፎጣው የት ሄደ እያለ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ውሃው እየፈሰሰ ቆሜ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ባልቴትን ልፈትናት ብሎ አብሮኝ ዲመካ ወረደ። መፈተኑ ምክንያት ነው፤ የፈለገው ሴትዮዋን ማየት ነበር። ገበያው ውስጥ አገኘናት። ጸጉሯ በዚያው ቀይ ቅባት አብረቅርቋል። እኔን ስታይ ወዲያው አወቀችኝና ፈገግ ብላ ጠየቀችኝ። ጋሽ ማርቆስ ሐመርኛ ይሞክራል፤ ተረጎመልኝ። «ሚስትህ ወደደችው ወይ ትላለች።»

 እሱ ፊቱን ሳይቀይር በሐመርኛ መለሰላት፣ እሷም በደስታ አጨበጨበች።

«ምን አልካት?»

«በጣም ወዳዋለች፤ ግን አርጅታለች፣ ጸጉሯ ስስ ነው፣ ለሚቀጥለው ቀጠን አድርጊላት አልኳት።» ሴትዮዋም አዝና ለባልቴት የሚሆን ሌላ ቅል በነጻ ካልሰጠኋችሁ ብላ ያዘችን። ያንን ቅል ይዘን ተመለስን። ሚስቴ ስትወልድ የሕፃኑን ራስ በዚያ ቅቤ ቀባችው፤ ልጁ አንድ ወር ሙሉ ቀይ ሆኖ ሰነበተ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ጂንካ ኖርኩ። በየሰርጉና በየምርቃቱ ጋሽ ማርቆስ ሲነሣ እሰጋ ነበር። ዛሬ ያወራዋል እላለሁ። የእጅ ፍሬኑን ያወራል፣ ዘነዘናውን ያወራል፣ አዳዲሶቹንም ይጨምራል፤ ከዚያ ይቀመጣል። ጓድ ሰለሞን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዷል። ኃላፊያችን የሚያውቀው ባዕድ ነገሩን ብቻ ነው።

ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ተዛውሬ ስሄድ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሸኙኝ። የጂንካ ሹፌር በሙሉ ነበር። ምግቡ ሲያልቅ ሰዉ «ማርቆስ! ማርቆስ!» ማለት ጀመረ። አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሹፌር ነኝ፣ በአፉ ገብቼ አላውቅም፤ ዛሬ ተራዬ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። እኔም በልቤ ይሁን፣ ይናገር አልኩ፤ ተሰናባች ሰው ነኝ። የሚገባውም ነበር፤ እንደዚያ ያለ ታሪክ ሌላ ማን አለው?

ተነሣ። ወንበሮቹ ሁሉ ወደሱ ዞሩ። ሹፌሮቹ ገና ሳይናገር መሳቅ ጀመሩ። ጋሽ ማርቆስ ከኔ ጎን ቆሞ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«ይሄ ልጅ» አለ፣ «ጎበዝ ሹፌር ነው። ለኔም አንድ ቀን ትልቅ ነገር አድርጎልኛል። ጌታ ይባርከው።»

ሰዉ ጠበቀ። «ቀልዱስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ጋሽ ማርቆስ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ስድስት ዓመት ሆዱ ውስጥ የያዘውን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት በዓይኔ አየሁት፤ ከንፈሩ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ጠፋኝ» አለ።

«አረጀ፣ በቃ ማርቆስ አረጀ» ሲሉ ሰማሁ። አጠገቤ ተቀመጠና ወደ መሬት አቀረቀረ። ክንዱ ክንዴን ይነካ ነበርና ሰውነቱ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ የተሰማው እኔን ብቻ ነው።